የድሮ ጭቃ ቤት ውጪ ልስን፦ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ ወይስ ኖራ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ ያለ የድሮ ጭቃ ቤት ነው፤ መሠረቱ ድንጋይ፣ ቋሚው ጥድ። ውጪው በኋላ የተለሰነው በሲሚንቶ ነው፣ አሁን ከታች እየተላቀቀ ነው። ግንበኛው የዶሮ ሽቦ መትተን በሲሚንቶ እንድገመው ይላል። ወይስ ቆርቆሮ ይልበስ?

መልስ 1፦
እባክዎ ሁለቱንም ይተዉ። ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያስወጣል፤ ሲሚንቶ መውጫውን ይዘጋበታል። በስንጥቅ የገባው ውሃ ከልስኑ ጀርባ ይቀርና ምርጊቱ ይላሽቃል፣ የቋሚው እግር ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይከተላል። ሽቦው ሲዝግ ደግሞ ልስኑን ይገፋዋል። ቆርቆሮም ብልሽቱን ይሸፍናል እንጂ አያድነውም።

ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ መታ መታ ያድርጉ። ባዶ ድምፅ የሰጠው ተለያይቷል፤ እሱን ያንሱ። የተቦረቦረውን ጭድ በገባበት የቦካ ጭቃ ይሙሉ፣ ስንጥቁ ወጥቶ እስኪያልቅ ይድረቅ። ከዚያ 1 እጅ በውሃ ተዘፍዝፎ የበሰለ ኖራ ለ3 እጅ የታጠበ አሸዋ፣ በአንድ ዙር ከ10 ሚሊሜትር ሳይበልጥ።

መልስ 2፦
ትክክል። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ስለሆነ ፀሐይ ቶሎ ካደረቀው ይፈረፈራል። ግድግዳውን አስቀድሞ ማርጠብ፣ ከዚያ ለሳምንት ያህል እርጥብ ጆንያ ማንጠልጠል ነው። በላዩ ፕላስቲክ ቀለም አይቀባ፣ የኖራ ቅብ ይበቃል። አሸንዳው ካፈሰሰ ግን ሁሉም ከንቱ ነው፤ መጀመሪያ እሱ ይጠገን።

መልስ 3፦
ቤቱ በቅርስነት ከተመዘገበ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ጥገናው ቀድሞ መፈቀድ አለበት።