የእናቴ የደም ስብና ዓይኗ፦ በሁለት ሐኪሞች መካከል ቀረሁ

እናቴ 61 ዓመቷ ነው፤ ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ከያዛት 14 ዓመት ሆኗታል። ባለፈው ወር የዓይን ሐኪሟ ብሌኗን በጠብታ አስፍቶ ሬቲናዋን (ብርሃን የሚቀበለውን የዓይኗን የኋላ ክፍል) ሲያይ፣ ከደም ሥሮች ያፈተለከ ስብ የተጠራቀመባቸው ቢጫ ነጠብጣቦች አገኘ። «መሃሉ ላይ ገና አልደረሱም፤ የደም ስቧን ግን አስመርምሩ» አለን።

ውጤቱ ይኸው፦ ትራይግሊሰራይድ (አንዱ የደም ስብ ዓይነት) 312፣ ኤልዲኤል («መጥፎው» ኮሌስትሮል) 148፣ ኤችዲኤል («ጥሩው» ኮሌስትሮል) 36። የሦስት ወር አማካይ ስኳሯ 8.2 በመቶ። ስታቲን ከሚባሉት ኮሌስትሮል ቀናሽ መድኃኒቶች አንዱን፣ አቶርቫስታቲን 20 ሚሊ ግራም ትወስዳለች። ትወስዳለች ስል፣ ጾም ሲገባ እንደምታቋርጠው የደረስኩበት ገና ትናንት ነው!

ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። በስኳር ሕመምተኞች ላይ የተደረገው አኮርድ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው የዓይን ውጤት፣ በስታቲን ላይ ፌኖፋይብሬት (ትራይግሊሰራይድ የሚቀንስ መድኃኒት) ከተጨመረላቸው ሰዎች በአራት ዓመት ውስጥ የሬቲና ጉዳታቸው የባሰባቸው 6.5 በመቶ፣ ካልተጨመረላቸው ደግሞ 10.2 በመቶ ነበሩ። የዓይን ሐኪሙን ብጠይቀው «የውስጥ ደዌ ሐኪሟ ትወስን» አለ። እርሷ ደግሞ «ስኳሩ ሲስተካከል ትራይግሊሰራይዱም ይወርዳል፤ ለዓይን ብለን አንሰጥም» አለችኝ። የእናቴ ክሬአቲኒን (የኩላሊት ሥራ የሚለካበት የደም ምርመራ) 1.3 ነው፤ መድኃኒቱ ይህን ቁጥር ከፍ ስለሚያደርግ እኔም ደፍሬ አልተከራከርኩም።

በሙያው ያላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፦ ፌኖፋይብሬት ለዓይን ተብሎ ሲታዘዝ አይታችኋል? ኩላሊቷስ በየስንት ጊዜው ይመርመር? ወይስ መጀመሪያ ስታቲኑን ሳታቋርጥ ወስዳ ምርመራው ይደገም? ለካስ አንድ ነገር ረስቻለሁ፤ ደሙ የተቀዳው ቁርሷን በልታ ነው፤ ትራይግሊሰራይዱን ከፍ ያደረገው ይህም ሊሆን ይችላል።