ከባድ ጥገና የገቡ ብረት ለበሶች ተፈትተው ይቆማሉ፣ የታደሰው ሞተርም ቶሎ ይመለሳል

የጋራዥ ኃላፊ
ሰላም የእቅድና ክምችት፣ የማሽን ክፍል፣ የብረትና ሽፋን ባለሙያዎች። ጋራዡ ባለ ሰንሰለት ብረት ለበሶችንና ከባድ የጭነት መኪናዎችን ሙሉ በሙሉ ያድሳል። ሁለት ነገር አስቸግሮናል። ተሽከርካሪው ገብቶ ይፈታል፤ ከዚያ አንድ ፓምፕ ወይም አንድ ኩሽኔታ እየተጠበቀ ለወራት ይቆማል። አስቸኳይ ሥራ ሲመጣም ከቆመው ላይ ይነቀልና ለሌላው ይገጠማል። ሁለተኛ፣ ታድሰው የወጡ ዲዝል ሞተሮች ጥቂት ሰዓት ሠርተው የዘይት ግፊታቸው እየወረደ ይመለሳሉ። ሲከፈቱ ብሮንዚናው (የሞተሩ ዋና ዘንግ የሚዞርበት ቅርፊት መያዣ) ተጭሮ ይገኛል። ብሮንዚናው አዲስ ነው፣ ክራንክሻፍቱ (ዋናው ተዟዟሪ ዘንግ) ግን በድንጋይ ተሞርዶ የገባ ነው። የሰው ኃይል ይጨመር የሚሉ አሉ። እናንተ ከየት ትጀምሩ ነበር?

እቅድና ክምችት
ሰው መጨመር አሁን አይረዳችሁም። እጅ ሲበዛ የሚፈታው ይበዛል፤ የተፈታው ደግሞ ቦታ ይይዛል፣ ቡሎኑ ይጠፋል፣ ብረቱ ይዝጋል። መጀመሪያ የሚፈታውን ቁጥር ገድቡ፤ ለመግጠሚያ የሚያስፈልገው ዕቃ በሣጥን ተሟልቶ ካልተቀመጠ ተሽከርካሪው አይከፈት።

ቀጥሎ የተለዋጭ ክምችት አስቡ። የወጣው ሞተር እስኪታደስ ተሽከርካሪው መጠበቅ የለበትም፤ የታደሰ ሞተር ከመደርደሪያ ወርዶ ይገጠምለት፣ አሮጌው በራሱ መስመር ይሂድ። ስሌቱ ቀላል ነው። በወር 4 ሞተር የምትለውጡ ከሆነና አንዱን ለማደስ ከመላኪያ እስከ መመለሻ 3 ወር የሚፈጅ ከሆነ፣ 12 ሞተር ሁልጊዜ በእድሳት መስመር ላይ ነው። ከዚያ በላይ የመጠባበቂያ ጥቂት ጨምሩ። 12ቱን መግዛት ካልተቻለ 3 ወሩን ማሳጠር ነው፤ ብዙ ጊዜም ርካሹ እሱ ነው፣ ምክንያቱም ከ3 ወሩ ውስጥ ሞተሩ በእጅ የሚነካው ጥቂት ቀን ብቻ ነው። የቀረው ወረፋ ነው።

ነቅሎ መግጠምን በተመለከተ፦ አንድ ጊዜ ፈትቶ አንድ ጊዜ መግጠም የነበረው ሥራ እጥፍ ይሆናል፤ ሲነቀል የሚሰበረው ቱቦና ሽቦ ደግሞ ሌላ ነው። ግድ ከሆነ የተነቀለበት ቦታ ላይ ታርጋ ይንጠልጠል፣ ምትኩም በዚያው ቀን በተነቀለበት ተሽከርካሪ ቁጥር ይታዘዝ። ይህ ካልተደረገ ከጥቂት ወር በኋላ ማንም ምን እንደጎደለው አያውቅም።

የማሽን ክፍል
የሞተሩን ጥፋት ብሮንዚናው ላይ አትፈልጉ። እኔ የምጠረጥረው ሦስት ቦታ ነው።

የመጀመሪያው የዘይት መንገድ ነው። ክራንክሻፍቱ ውስጥ ያለው የዘይት ቀዳዳ ጫፉ ላይ በታፓ (በመድፈኛ) የተዘጋ ነው። ታፓው ሳይወጣ በናፍታ ቢታጠብ ውስጡ የተጋገረው ዝቃጭ አይለቅም፤ ሲሞረድ የሚገባው የመሞረጃ ድንጋይና የብረት ብናኝም እዚያው ይቀራል። ሞተሩ ሞቆ ዘይቱ ሲቀጥን ያ ሁሉ ተጠራርጎ አዲሱ ብሮንዚና ላይ ያርፋል። ታፓው ሁሉ ይውጣ፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ በረጅም ብሩሽና በማጠቢያ ይጠረግ፣ ነጭ ጨርቅ አልፎበት ንጹሕ ከወጣ በኋላ አዲስ ታፓ ይግባ።

ሁለተኛው ጥንካሬው ነው። በብዙ የጦር ተሽከርካሪ ሞተሮች ላይ ክራንክሻፍቱ ናይትራይድ የተደረገ (ላዩ በናይትሮጅን የጠነከረ) ነው፤ ጠንካራው ንብርብር ጥቂት የሚሊሜትር አሥረኛዎች ብቻ ነው። በዲያሜትር 0.50 ሚሊሜትር ሲነሳ በየጎኑ 0.25 ይሄዳል፣ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ብረት ሊወጣ ይችላል። ያኔ እንደገና ናይትራይድ ካልተደረገ መለኪያው ልክ ሆኖ እያለ ቶሎ ይበላል። በኢንዳክሽን (ላዩ በኤሌክትሪክ ግሎ በፍጥነት እየቀዘቀዘ) የጠነከረው ግን ንብርብሩ ጥልቅ ስለሆነ ይታገሳል። ስለዚህ የትኛው እንደሆነ ከመሞረዱ በፊት ይታወቅ።

ሦስተኛው የክራንክሻፍቱ አንገት (ብሮንዚናው ውስጥ የሚዞረው ክብ ክፍል) ከጎኑ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ነው። የመሞረጃው ድንጋይ ጠርዙ ተስተካክሎ ካልተጠጋጋ መጋጠሚያውን ስለታም ማዕዘን ያደርገዋል፤ የድካም ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። የማግኔት ዱቄት ምርመራ (ስንጥቅን የሚያሳይ) ከመሞረድ በፊትም በኋላም ይደረግ፤ በኋላ የሚደረገው ድንጋዩ አቃጥሎ የፈጠረውን ስንጥቅ ለማግኘት ነው።

የጋራዥ ኃላፊ
በጣም አመሰግናለሁ። ታፓው እኛ ጋ አይወጣም፤ ከሱ እንጀምራለን። የቶርሽን ባር (በመጠምዘዝ እንደ ባሌስትራ የሚሠራው ዘንግ) እና የሃይድሮሊክ ዘንጎች እድሳትስ?

ብረትና ሽፋን
ቶርሽን ባር ላይ ብየዳ በፍጹም አይሞከርም። በፋብሪካ ወደ አንድ አቅጣጫ ተጠምዝዞ ስለሚዘጋጅ የግራውና የቀኙ አይለዋወጥም፤ ብዙዎቹ ጫፋቸው ላይ የመጠምዘዣ አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አላቸው። ሲወጣ በመዶሻ ከተጎዳ ወይም ጥልቅ ጭረት ካለበት ይጣል።

የሃይድሮሊክ ዘንግ ክሮም ሲለብስ ብረቱ ሃይድሮጅን ይመጥጣል፣ ከፍተኛ ጥንካሬ ያለው ብረት ደግሞ ከቀናት በኋላ ጭነት ላይ ሳለ ድንገት ይሰበራል። ከክሮም መንከሪያው ገንዳ በወጣ በ4 ሰዓት ውስጥ ከ190 እስከ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምድጃ ይግባ፤ ቆይታው እንደ ብረቱ ጥንካሬ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ነው። ላዩ ብቻ የጠነከረና በዝቅተኛ ሙቀት የተዘጋጀ ክፍል ግን በዚያ ሙቀት ይለሰልሳል፤ እሱን አስቀድሞ መለየት ነው። ጎሚኒና ፓራኦሊዮ (የዘይት መከላከያ ቀለበት) ሁሉ በአዲስ ይተካ፤ የናይትራይል ጎሚኒ በአግባቡ ታሽጎ ቢቀመጥ የመደርደሪያ ዕድሜው 15 ዓመት ስለሆነ ሣጥኑ ላይ ያለው የምርት ጊዜ ሳይታይ አይገጠም።