የፊዚክስ ሲሙሌሽን በዊንዶውስ 7 ኮምፒውተሮች ላይ አልከፈት ስላለኝ እርዳታ እጠይቃለሁ

ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ጎንደር ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲው የፌት ፕሮጀክት በነፃ ከሚያቀርባቸው ሲሙሌሽኖች መካከል የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት መሥሪያውን አውርጄ፣ ትምህርት ቤታችን ኢንተርኔት ስለሌለው በፍላሽ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ወስጄዋለሁ። በላፕቶፔ ላይ ያለ እንከን ይሠራል፤ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ከ10 ኦም ሬዚስተር ጋር ሲያያዝ አሜትሩ 0.9 አምፔር ያሳያል፣ ሰማያዊዎቹ ኤሌክትሮኖችም በሽቦው ውስጥ ሲጓዙ ይታያሉ። ከመጽሐፍ ሥዕል የማይገኘው ይህ እንቅስቃሴ ነውና ተማሪዎቼ እንዲያመልጣቸው ፈጽሞ አልፈልግም።

የክፍሉ ኮምፒውተሮች ግን ዊንዶውስ 7 የተጫነባቸው በመሆናቸው፣ ፋይሉን በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ስከፍተው ባዶ ነጭ ገጽ ብቻ ይመጣል። ለዊንዶውስ 7 የወጣው የመጨረሻው ክሮም 109 እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም በእጄ ያለው መጫኛ ራሱ ኢንተርኔት ካላገኘ አይቀጥልም። ሙሉውን መጫኛ ከየት አምኖ ማውረድ እንደሚቻል፣ ወይም 2 ጊጋባይት ራም ባለው ኮምፒውተር ላይ ፋየርፎክስ ይሻል እንደሆነ የሞከራችሁ ብትጠቁሙኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው። ተማሪዎች ቮልቴጁን ከመቀያየራቸው በፊት ውጤቱን ገምተው እንዲጽፉ የሚያደርግ የመልመጃ ወረቀት ያዘጋጀ መምህር ካለም እንዲያካፍለኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።