ምጥ ላይ አኩፓንክቸር የሞከራችሁ እህቶች አላችሁ?

የመጀመሪያዬ (ጠያቂ)

ሰላም እህቶች፣ እንዴት ናችሁ? የምኖረው ስዊድን ነው። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ 34ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ባለፈው ለክትትል ስሄድ ባርንሞሽካዋ (አዋላጇ) የምጥ ማስታገሻዎችን ስታስረዳኝ ኤፒዱራል (ከወገብ በታች የሚያደነዝዝ መድኃኒት)፣ በጭንብል የሚሳበው ጋዝ፣ ሙቅ ውሃ እያለች ቆይታ «አኩፓንክቸርም አለን» አለችኝ፤ ሰውነት ላይ ቀጫጭን መርፌ እየሰኩ ሕመም የሚያስታግሱበት ዘዴ ነው። ደም ሲቀዱኝ እንኳን ፊቴን የማዞር ሰው ነኝና ደነገጥኩ። እናቴ በስልክ «ምጥ የያዛትን ሴት በመርፌ ይወጋሉ እንዴ? ማርያም አለችልሽ፣ ተዪው» አለች። አንዷ ጓደኛዬ ደግሞ ባዕድ አምልኮ ነው፣ እንዳትነኪው ብላኛለች። ኤፒዱራሉንም ጀርባ ላይ ስለሚወጋ ፈርቼዋለሁ፤ ለዚህ ነው ግራ የገባኝ። በእርግጥ ሕመሙን ይቀንሳል? ልጁንስ አይጎዳም? የምታውቁ እባካችሁ በዝርዝር ጻፉልኝ።

ፍራንክፈርት

እኔ የወለድኩት ጀርመን ነው። እዚህ ብዙ አዋላጆች ከ36ኛው ሳምንት ጀምሮ በሳምንት አንዴ ይሰጡታል፤ ግን ያ ሰውነትን ለምጥ ለማዘጋጀት ነው እንጂ ለሕመም አይደለም፣ እንዳታምታቺው። ከጉልበት በታችና ከቁርጭምጭሚት በላይ ነው የሚወጉት። የከፈልኩት ከኪሴ ነው። የሕዝብ ኢንሹራንሱ አኩፓንክቸር የሚሸፍነው ለቆየ የወገብና የጉልበት ሕመም ነው፤ ለእርግዝና አንዳንዱ ብቻ ከፊሉን ይመልሳል። ምጤን አሳጥሮልኝ እንደሆነ በአንድ ልጅ መፍረድ አልችልም። ሲጠናብኝ ኤፒዱራል ጠየቅኩ፣ ሰጡኝ፣ ተገላገልኩ። አይዞሽ፣ እሱም እንደሚወራው አያስፈራም።

አዋላጇ

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ፣ እመቤቴ በሰላም ትገላግልሽ። እኔ አዋላጅ ነኝ። አገር ቤት ተምሬ ሠርቻለሁ፣ አሁን እዚሁ ስዊድን ማዋለጃ ክፍል ነኝ። መርፌውን የምሰጠው እኔው ስለሆንኩ የማውቀውን ልንገርሽ።

በመጀመሪያ፣ ክትባት የምትወጊበት ዓይነት መርፌ አይደለም። ውስጡ ክፍት አይደለም፣ መድኃኒት አያልፍበትም፣ በጣት ሲነካ የሚታጠፍ ቀጭን ነገር ነው፣ አንዴ ተጠቅመን እንጥለዋለን። እጅሽ ላይ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል፣ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ ከወገብ በታች፣ አንዳንዴም አናት ላይ እናደርገዋለን። ሲገባ ቆንጠጥ ያደርጋል። ቀስ አድርጌ ሳሽከረክረው ቦታው ይከብዳል፣ ይደነዝዛል፤ ያ ስሜት እስኪመጣ ነው የምንጠብቀው። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይቆያል።

ሕመሙን ይቀንሳል ወይ ላልሽው፣ እዚሁ ስዊድን የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚወልዱ 303 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት በ2014 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ለአንዱ ቡድን መርፌው በእጅ ብቻ ተሰጠ፣ ለሌላው መርፌው ላይ ቀላል ኤሌክትሪክ ተጨመረ፣ ሦስተኛው የተለመደውን እንክብካቤ አገኘ። ሕመማችሁ ምን ያህል ነው ሲባሉ ሦስቱም ተቀራራቢ መልስ ሰጡ። ወደ ኤፒዱራል የሄዱት ግን ይለያያሉ፤ ኤሌክትሪክ ከተጨመረላቸው 46 ከመቶ፣ በእጅ ብቻ ከተሰጣቸው 61፣ መርፌ ካልተሰጣቸው 70። በ2020 ኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግም ድርጅት) ስለ መርፌውና ነጥቦቹን በጣት ስለመጫን የተሠሩ 28 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምርም እውነተኛው መርፌ ከአስመሳዩ (ለማወዳደሪያ ብቻ ከሚደረገው የውሸት መርፌ) ጋር ሲወዳደር የሕመሙን መጠን እምብዛም አልለወጠም፤ ሴቶቹ ባገኙት ማስታገሻ የበለጠ ሳይረኩ አልቀሩም። እኔም በሥራ የማየው ከዚህ አይርቅም። ትከሻቸው ይላላል፣ በሁለት ምጥ መካከል ማረፍ ይችላሉ። የማህጸን በር ሰባት ስምንት ሴንቲ ሲከፈት ግን ብዙዎቹ ሌላ ነገር ስጪኝ ይሉኛል።

ልጁን በተመለከተ፣ መድኃኒት ስለሌለው ወደ እሱ የሚሄድ ነገር የለም፣ አያደነዝዘውም። ደም ማቅጠኛ የምትወስጂ፣ ፕላትሌትሽ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) ዝቅ ያለ ወይም ልብሽ ላይ ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ) ያለሽ ከሆነ ግን አስቀድመሽ ተናገሪ። የእጅና የቁርጭምጭሚት ነጥቦቹን ቀንሽ ሳይደርስ አታስነኪ፤ ምጥ ይቀሰቅሳሉ ስለሚባል እኛም እንጠነቀቃለን። ባዕድ አምልኮ ለተባለው፣ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ከመርፌው ጋር የሚደረግ ምንም ሥርዓት የለም። ልብሽ ካላረፈ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ አልፈልግም ብትዪም ማንም አያስገድድሽም።

አሁን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝን ልንገርሽ። የእኛ ሴቶች ዝም ብለው ነው የሚያምጡት። ከንፈሯን ነክሳ፣ የአልጋውን ብረት ጨብጣ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ በሹክሹክታ «ማርያም ማርያም» ትላለች። ከ0 እስከ 10 ሕመምሽ ስንት ነው ስትባል «ደህና ነኝ» ነው መልሷ። አንዷን መቼም አልረሳትም። መርፌው ተደርጎላታል፣ ድምጿ አይሰማም፣ ስለዚህ ሠርቶላታል ተብሎ ተጽፎ ነበር። ተረኛ ሆኜ ገባሁና በአማርኛ «እንዴት ነሽ የኔ እህት?» ስላት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ልሞት ነው፣ ግን እንዳላስቸግራቸው ብዬ ነው» አለችኝ። ኤፒዱራል ይሰጠኝ ማለት እንደምትችል የነገራት አልነበረም፤ ወይም ተነግሯት አልገባትም።

ስለዚህ ደስ ካለሽ መርፌውን ሞክሪው፤ ካልተሻለሽ ግን «አልሠራልኝም» በዪ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ። አኩፓንክቸር መጀመርሽ ኤፒዱራል አይከለክልሽም። ኤፒዱራሉን የሚሰጠው ሐኪም እስኪመጣ ጊዜ ስለሚወስድ አቅም እስክታጪ አትጠብቂ። ቋንቋው ከከበደሽ አስተርጓሚ ይምጣልኝ በዪ።

የሁለት ልጆች አባት

ወንድ ብሆንም ልጻፍ። ባለቤቴ መርፌውን አልፈለገችም። አዋላጇ ምጡ ሲመጣ ከወገቧ ዝቅ ብሎ ያለውን ጠፍጣፋ አጥንት በመዳፌ ጠበቅ አድርጌ እንድጫን አሳየችኝ። እሷ «ወደ ታች፣ አዎ እዚያ ጋ፣ አትልቀቀኝ» እያለች ትመራኝ ነበር። እጄ ዝሎ ባነሳሁ ቁጥር ልዩነቱን ወዲያው ትነግረኛለች። ባለቤትሽ ከአሁኑ ይለማመድ።

የመጀመሪያዬ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። አዋላጇ እህቴ፣ «ደህና ነኝ» የምትለዋ እኔው ነኝ፣ ሳነብ አለቀስኩ። አንድ ነገር ብቻ፣ ምጡ ወገቤ ላይ ቢበረታስ? ባርንሞሽካዋ ስለ ውሃ መርፌም ነግራኝ ነበር።

አዋላጇ

አዎ፣ ለወገብ ምጥ እሱም አለ። ወገብሽ ላይ አራት ቦታ፣ ቆዳው ውስጥ፣ በጣም ጥቂት ንጹሕ ውሃ ይወጋል። ለግማሽ ደቂቃ ያህል እንደ ተርብ ይነድፋል፤ ሲያቃጥልሽ ጩኺ፣ ሁሉም ይጮኻሉ። ከዚያ የወገቡ ሕመም ለአንድ ሁለት ሰዓት ቀለል ሊልልሽ ይችላል። ካልሠራም አልሠራም በዪ።

ወደ ሆስፒታል ይዘሽ የምትሄጂውን የወሊድ ደብዳቤ ከአሁኑ ጀምሪው። ምን እንደምትፈሪ፣ ምን እንደምትፈልጊ፣ «ዝም ካልኩ ደጋግማችሁ ጠይቁኝ» የሚለውንም ጨምሪበት። ስምሽን ሳትጠቅሺ በአማርኛ እዚህ ለጥፊው፤ ቅዳሜ ሥራ ስለሌለኝ ወደ ስዊድንኛ እመልስልሻለሁ።