ሮም ለመጀመሪያ ጊዜ፣ 3 ቀን፣ በተማሪ አቅም፦ ቀድሞ የሚያዘው የቱ ነው?

ሳንቲም ቆጣሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጀርመን የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው፣ የመኖሪያ ፈቃዴም ጊዜው አላለፈም። ዓርብ ጠዋት ፊዩሚቺኖ ኤርፖርት ደርሼ እሑድ ማታ እመለሳለሁ። ኮሎሲየም፣ ቫቲካንና ፓንቴዮን የግድ ናቸው። ቀድሜ መቁረጥ ያለብኝ የቱን ነው? የተማሪ ቅናሽስ ለእኛ ይሠራል? እሑዱ የወሩ የመጀመሪያ ስለሆነ ኮሎሲየም ነፃ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ልጠብቀው? ከኤርፖርት ወደ ከተማ በርካሽ የሚወስደውንም ንገሩኝ። በመጨረሻም የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረው ቦታ የት ጋ ነው?

ሰባት ኮረብታ፦
ወንድሜ፣ ከትኬቱ በፊት ወረቀቱን አስተካክል። በጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ሌላ የሼንገን አገር መቆየት ትችላለህ፤ ግን ፈቃዱም ፓስፖርቱም አብረውህ መሆን አለባቸው፣ ፎቶ ኮፒ አይሆንም። አንዳንድ ርካሽ አየር መንገዶች የአውሮፓ ዜጋ ያልሆነውን መንገደኛ ወደ መግቢያው በር ከመሄዱ በፊት ሰነዱን ካውንተር ላይ እንዲያሳይ ያስገድዱታል። ስልክህ ላይ የመሳፈሪያ ወረቀት አለ ብለህ በቀጥታ ፍተሻ ካለፍክ በሩ ላይ ሊመልሱህ ይችላሉ።

ከሦስቱ ቀድመህ በሰዓት መያዝ ያለብህ ኮሎሲየምንና ቫቲካንን ነው። ሰዓቶቹን እዚህ የምጽፈው ትኬቱ ላይ እንደሚታተመው ነው፣ በእኛ አቆጣጠር እንዳትወስደው።

ኮሎሲየም፦ መደበኛው 18 ዩሮ ነው፣ ፎረሙን (የጥንቷን ሮም አደባባይ) እና ፓላቲኖ ኮረብታን ይጨምራል፣ ለ24 ሰዓት ይሠራል። ሽያጩ የሚከፈተው ከጉብኝቱ ቀን 30 ቀን ቀደም ብሎ ነው። ጉግል ላይ መጀመሪያ የሚወጡት ብዙዎቹ አሻሻጮች ናቸው፤ ወርደህ የአርኪኦሎጂ ፓርኩን የራሱን መሸጫ ፈልግ። ከ2023 ወዲህ ትኬቱ በስም ስለሆነ የእኛ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ አንዱ የአባቱን ስም፣ ሌላው የአያቱን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይሞላል፣ በር ላይ ከፓስፖርቱ ጋር አልገጥም ይላል። ፓስፖርትህን ክፈትና መስመር በመስመር እንዳለ ገልብጥ። ቅናሹ (2 ዩሮ) ከ18 እስከ 25 ዓመት ላሉ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ነው፤ የተማሪ መታወቂያ ብቻውን ዋጋ የለውም።

ቫቲካን በተቃራኒው ዜግነት አይጠይቅም። ዕድሜህ ከ25 ካላለፈና የተማሪ መታወቂያ ከያዝክ መግቢያው ከ20 ወደ 10 ዩሮ ይወርዳል፤ በኢንተርኔት ስትይዝ 5 ዩሮ ይጨመራል፣ ያ 5 ዩሮ ከሰልፉ ያድንሃል። እሑድ ዝግ ነው፣ የወሩ የመጨረሻ እሑድ ሲቀር። ስለዚህ ቅዳሜን በጠዋት ያዝ፣ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን።

ነፃውን እሑድ ለኮሎሲየም አልመክርም። በዚያን ቀን ቀድሞ መያዝ አይቻልም፣ ሰልፉም ግማሽ ቀንህን ይበላዋል። 18 ዩሮ ለመቆጠብ ከሦስት ቀን ውስጥ ግማሽ ቀን መስጠት አያዋጣም።

የቲቤር ማዶ፦
ከላይ ባለው እስማማለሁ፤ ግን ነፃው እሑድ ለፓንቴዮን ይሠራል። ከ2023 ጀምሮ መግቢያው በክፍያ ነው፣ የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ግን ነፃ። ሰልፉ ረጅም ቢመስልም ይሄዳል። ስትገባ ቀና ብለህ ብቻ አትውጣ፣ ወለሉንም እይ። ጉልላቱ 43.3 ሜትር ስፋት አለው፣ ከወለል እስከ ጫፍ ያለው ቁመትም ያው ነው። አናቱ ላይ ያለው ክብ ቀዳዳ ክዳን ስለሌለው ዝናብ ይገባል፤ የእብነ በረዱ ወለል መሀሉ ላይ በመጠኑ ጎበጥ ብሏል፣ ውሃው የሚወርድባቸው ትናንሽ ቀዳዳዎችም አሉት።

ከኤርፖርት፦ በቀጥታ ቴርሚኒ፣ ዋናው የባቡር ጣቢያ፣ የሚያስገባው ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ 14 ዩሮ ነው፣ 32 ደቂቃ ይፈጃል። ርካሹ ኤፍ ኤል 1 የሚባለው ባቡር ነው፣ 8 ዩሮ። ይኼኛው ቴርሚኒ አይደርስም! ኦስቲየንሴ ወርደህ በውስጥ መተላለፊያው ወደ ፒራሚዴ ሜትሮ ትሻገራለህ፣ ከዚያ በቢ መስመር አራተኛው ፌርማታ ቴርሚኒ ነው። የወረቀት ትኬት ከሆነ ባቡሩ ላይ ከመውጣትህ በፊት ማሽኑ ላይ አስመታው፤ ያልተመታ ትኬት እንዳልተከፈለ ይቆጠራል። የከተማው ትኬት 1.50 ዩሮ ሆኖ 100 ደቂቃ ይሠራል፤ አውቶቡስ እንደፈለግክ፣ ሜትሮ ግን አንድ ጊዜ። በትኬት ፋንታ የባንክ ካርድህን ማሽኑ ላይ ካስነካህም ሁልጊዜ ያንኑ ካርድ ተጠቀም፤ አንዴ በስልክ፣ አንዴ በፕላስቲኩ ከነካህ ሁለት ሰው ነህ፣ ሁለቴ ይቆርጥብሃል።

ውሃ አትግዛ። በየመንገዱ ናሶኔ የሚሉት፣ «ትልቅ አፍንጫ» እንደማለት፣ የብረት ቧንቧ ቀን ከሌት ይፈስሳል፣ ይጠጣል። አፉን ከታች በጣትህ ስትደፍነው ከጉብጠቱ ላይ ካለችው ቀዳዳ ውሃው ወደ ላይ ይፈናጠራል፣ ጎንበስ ሳትል ትጠጣለህ።

ጫማ ደግሞ ጎማው የሚይዝ ይሁን። የሮም ኮብልስቶን ዝናብ ከነካው ሳሙና ነው።

አምስት መቶ፦
የሐውልቱ ቦታ ፖርታ ካፔና አደባባይ ነው፣ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት፤ ቺርኮ ማሲሞ ከሚባለው የሜትሮ ጣቢያ ስትወጣ እዚያው ነህ። ሕንፃው ራሱ ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ታስቦ የተጀመረ ነው። ሐውልቱ (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) በ1937 ተወስዶ፣ በ2003 ተነቅሎ፣ በ2005 አክሱም ገባ፣ በ2008 ቆመ። ቦታው ከኮሎሲየም አንድ ፌርማታ ስለሆነ በእግር አያይዘው።

ለእኛ ሰው ግን ቴርሚኒ ራሱ አንድ ምዕራፍ ነው። ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል፤ አምስት መቶዎቹ በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያቸው አጠገብ ባለው የአትክልት ቦታ ነው፣ አንዲት ትንሽ የግብፅ ሐውልት አለችበት። ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ የቆመው እዚያ ሥር ነበር፣ ዘርዓይ ደረስ በ1938 ሰይፍ የመዘዘውም እዚያው። አንበሳው በ1960ዎቹ ተመልሷል። ብዙው መንገደኛ ሻንጣውን እየጎተተ በአጠገቡ ያልፋል።

የቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ቤተ ክርስቲያን፣ አባ ተስፋ ጽዮን የግእዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548 ሲያሳትሙ የነበሩበት፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ በቫቲካን አጥር ውስጥ ነው። በሙዚየሙ ትኬት አይገባም፣ በሱ ቀንህን አታባክን።

ሳንቲም ቆጣሪው፦
እግዜር ይስጥልኝ! አንድ ነገር ብቻ፦ የጀርባ ቦርሳዬን ይዤ መግባት እችላለሁ? ኮሎሲየምን ዓርብ 15፡00 ልይዝ ነው።

ሰባት ኮረብታ፦
ትንሽ ከሆነ ይገባል። ትልቅና ሻንጣ ኮሎሲየም አያስገባም፣ ማስቀመጫም የለውም፤ ሆስቴልህ ወይም ቴርሚኒ ካለው የሻንጣ ማስቀመጫ ተው። ቫቲካን ነፃ ማስቀመጫ አለው፤ ግን ዕቃ ያስቀመጠ ሰው ከሲስቲን ጸሎት ቤት በኋላ ወደ መግቢያው መመለስ አለበት። ከዚያ በአጥሩ ዙሪያ ዞረህ ቅዱስ ጴጥሮስ ለመድረስ 15 ደቂቃ ያህል፣ ከዚያም የፍተሻ ሰልፍ። ጉልላቱ ላይ መውጣት ካማረህ 551 ደረጃ ነው፣ በሊፍት ከጀመርክም 320 ይቀርሃል።

15፡00 ጥሩ ነው፣ በረራው ቢዘገይም ያደርሳል። ጉዞህ በፈረንጆቹ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት መጨረሻ ባለው ጊዜ ከሆነ ግን የመጨረሻው መግቢያ 15፡30 ስለሆነ ፎረሙ በዚያው ቀን አይደርስልህም። 24 ሰዓቱ አለልህ፦ ቅዳሜ ከቫቲካን ወጥተህ ከ15፡00 በፊት ግባበት።