የደሴ ዕድሮች የጋራ ሐሳብ፦ ሦስተኛው ነጥብ እንዴት ይጻፍ?

ጸሐፊው፦ እንዴት አመሻችሁ። ስለ ሰው አያያዝና ስለ አሰሳ (የቤት ፍተሻ) ለከተማችን የጸጥታ ኃላፊዎች በምናቀርበው ረቂቅ ሦስተኛው ነጥብ አልቀና ብሎኛል። «ሕገ መንግሥቱ ይከበር» ብንል የሚቃወመን የለም፤ የሚለወጥም ነገር የለም። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይታሰብ። ግን 48ቱ ከየት ይቆጠር? የወንድሜን ልጅ ሌሊት ከቤት ወሰዱት፤ መዝገብ ላይ የሰፈረው የማግስቱ ከሰዓት ነው። እናቱ ያን ሁሉ ሰዓት በየጣቢያው ስትዞር ዋለች። እኔ የምለው የተያዘበት ሰዓትና ቦታ እዚያው ይጻፍ፣ ለቤተሰብም ይነገር ነው።

የሙጋዱ ባለሱቅ፦ ጋሼ፣ ሐዘንዎ ይገባኛል። እኔ ግን ሱቄ ሁለት ጊዜ ተሰብሯል። ረቂቁ አሰሳ ይቅር የሚል ከሆነ አልፈርምም። ዕቃዬን ማን ያስመልስልኛል?

ጸሐፊው፦ ይቅር አላልንም ወንድሜ። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ሌባው እየተባረረ ቤት ከገባ፣ ወይም በከባድ ወንጀል የተገኘ ዕቃ ማዘዣ እስኪወጣ ይሸሻል የሚያሰኝ በቂ ምክንያት ካለ፣ ያለ ማዘዣ መፈተሽን ይፈቅዳል። ፍርድ ቤት ካላዘዘ በቀር ፍተሻው ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ይሁንም ይላል። የእርስዎ ዕቃ የሚመለስበት በር አልተዘጋም።

የሴቶች ዕድር ሰብሳቢ፦ ሴት ፖሊስ አብራ ትምጣ የሚለው ይግባልኝ። ልጃገረዶች የተኙበት ክፍል በወንድ ሲበረበር ያየ ሰው ይህን ትንሽ ነገር አይለውም።

የወጣቶች ተወካይ፦ አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅስ? በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልላችን ሲታወጅ 48 ሰዓት የሚባል ነገር ማን ጠየቀ?

ጸሐፊው፦ ጥሩ አነሣህ፣ ይህን ነጥብ ዘልዬው ነበር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ብዙ መብት እንዲታገድ ይፈቅዳል፤ ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 ግን አይታገድም። የአስቸኳይ ጊዜውን አፈጻጸም የሚከታተለው መርማሪ ቦርድም በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ማድረግ አለበት። በዚያ ክፉ ጊዜ እንኳ ስም ይነገር ከተባለ፣ በደህናው ቀን አንድ መስመር መጻፍ እንዴት ይከብዳል?

የሙጋዱ ባለሱቅ፦ እንዲህ ከሆነ እፈርማለሁ። የተሰረቀ ዕቃ የተያዘበትም ሰዓት አብሮ ይመዝገብ፤ የእኛም ዕቃ መንገድ ላይ ይጠፋል።

ጸሐፊው፦ ገብቷል። ሦስተኛው ነጥብ አሁን እንዲህ ይነበባል፦ «የሰውም ሆነ የዕቃ አያያዝ ሰዓትና ቦታ፣ 'ሌሊት' ተብሎ ሳይሆን በቁጥር፣ በቦታው ይጻፍ፤ ቅጂው ለቤተሰብ ወይም ለባለዕቃው ይሰጥ።» እስከ ዓርብ እርማት ላኩልኝ።