ስሙን የረሳሁትን ፋይል ከ8 ዓመት ክምር ውስጥ እንዴት ላውጣው?

የከዚራዋ ጸሐፊ፦
ሰላም ለቤቱ። ድሬ፣ ከዚራ፣ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ፣ ውል፣ ሲቪ፣ የሠርግ ጥሪ፤ ከ2009 ጀምሮ የጻፍኩት ሁሉ ዲ ድራይቭ ላይ ተቆልሏል። ስም የማወጣው ደግሞ እንደመጣልኝ ነው። «ውል»፣ «ውል አዲስ»፣ «ውል አዲስ 2»፣ «የአባባ ውል»። የትኛው አባባ? እንጃ።

ትናንት ረፋድ ላይ አንድ አባት መጡ። «ልጄ፣ ያኔ የጻፍሽልኝን የቤት ኪራይ ውል አውጪልኝ፤ በእጄ ያለው ጠፍቶብኛል» አሉ። መቼ ነበር ስላቸው «2015 ጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ» አሉኝ። መፈለጊያው ላይ «ኪራይ» ብዬ ጻፍኩ። አረንጓዴዋ መስመር እየተንፏቀቀች ሳለ መብራት ድርግም። ሲመጣ ደግሜ ሞከርኩ፤ ምንም የለም አለኝ። ሰውየው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው በካርቶን ቁራጭ እያራገቡ ያዩኛል። በዚያ ሙቀት! አፍሬ «ነገ ይምጡ» አልኳቸው። ነገ ደግሞ ዛሬ ነው፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ ይመጣሉ።

ዊንዶውስ 10 ነው። እንዳላጠፋሁት እርግጠኛ ነኝ። ፋይል አጥፍቼ አላውቅም፤ ጣጣዬም ከዚያ ሳይመጣ አይቀርም።

ታይዋን ተራ፦
አቦ ምን ያስጨንቅሻል? ኤቭሪቲንግ የሚባለውን ሶፍትዌር ጫኚ። ነፃ ነው። ስሙን ጽፈሽ ሳትጨርሺ ያወጣልሻል።

የሸዋ በሩ፦
ኤቭሪቲንግ ፈጣን ነው፣ አልክድም። ግን ዋና ሥራው በስም መፈለግ ነው፤ እህታችን የጠፋባት ደግሞ ስሙ ነው። እኔ እዚህ ሐረር መዝገብ ቤት ስሠራ የደብዳቤ ቁጥር ይዞ የሚመጣ ባለጉዳይ ጥቂት ነበር። «ከፋሲካ በፊት ነው፣ ሁለት ገጽ ነው» ይለኛል። ከዚያ ነው የምነሳው። አንቺም ጊዜውን ታውቂያለሽ፤ የወርድ ፋይል መሆኑንም ታውቂያለሽ።

ዲ ድራይቭን ክፈቺና ከላይ በቀኝ ያለው መፈለጊያ ውስጥ ግቢ። ኪቦርድሽን ወደ እንግሊዝኛ መልሺው። ኮከብ፣ ነጥብ፣ ዲ፣ ኦ፣ ሲ፣ ከዚያ ሌላ ኮከብ ጻፊ። የመጨረሻዋ ኮከብ አሮጌውንም አዲሱንም የወርድ ዓይነት ታመጣልሻለች። አንድ ቦታ ዝለይና «ዴትሞዲፋይድ» ብለሽ ሳትነጣጥይ ጻፊ፤ ፋይሉ መጨረሻ የተቀየረበት ቀን ማለት ነው። ኮሎን አስከትዪ፤ ከዚያ መነሻው ቀን፣ ጎን ለጎን ሁለት ነጥብ፣ መጨረሻው ቀን። ኢንተር።

ቀኑን ግን በእኛ አቆጣጠር እንዳትሰጪው። 2015 ጥር ማለት ለኮምፒውተሩ ከጃንዋሪ 9 እስከ ፌብሩዋሪ 7፣ 2023 ነው። ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ዋለ፤ ከዚያ ጀምሪ። አጻጻፉ ደግሞ ታች በቀኝ ሰዓቱ ስር እንደምታዪው ይሁን፤ አንዳንዱ ኮምፒውተር ወሩን ያስቀድማል።

ኢንተር ከነካሽ በኋላ ላይኛው መስመር ላይ «ሰርች» የሚል ታብ ይመጣል። እሱ ላይ «ሳይዝ» የሚለው ለውል አይረባሽም። ዲስኩ ሲሞላብሽ ግን «ጃይጋንቲክ» የሚለውን ምረጪ። ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነውን ሁሉ ይዘረግፍልሻል፤ ያኔ ፊልም የሚጭንብሽን ልጅ ታውቂዋለሽ።

ቀፊራ፦
«ኪራይ» ብለሽ ያጣሽው ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ዲ ድራይቭ ኢንዴክስ ካልተደረገ፣ ማለትም አስቀድሞ ተነብቦ ማውጫ ካልተሠራለት፣ ዊንዶውስ የሚያየው የፋይሉን ስም ብቻ ነው። ውስጡን እንዲያነብ ከፈለግሽ እዚያው ሰርች ታብ ላይ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ገብተሽ «ፋይል ኮንቴንትስ» የሚለውን ምልክት አድርጊበት። ይዘገያል፣ ቡና አፍዪ። በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ ፎንት የጻፍሽው ከሆነ ግን እሱም አያገኘውም። ለዓይንሽ ግዕዝ ይመስላል እንጂ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ፊደል ነው። በዩኒኮድ፣ ማለትም በእውነተኛው የግዕዝ ፊደል ኮድ፣ ጽፈሽም ቢሆን «ሠርግ» ያልሽውን «ሰርግ» ብለሽ ብትፈልጊ ላታገኚው ትችያለሽ። ለእኛ አንድ ነው፣ ለእሱ ሁለት ቃል ነው።

የከዚራዋ ጸሐፊ፦
የሸዋ በሩ፣ እንዳልከው አደረግኩ። 23 ፋይል መጣ። አንድ በአንድ ከፈትኩ። ማመልከቻ፣ ማመልከቻ፣ የእድር ደብዳቤ… የሳቸው ውል የለም!

የሸዋ በሩ፦
አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አዲስ ውል ስትጽፊ የድሮውን ከፍተሽ ስም ቀይረሽ ነው አይደል? ሴቭ ባልሽ ቁጥር የሞዲፋይድ ቀኑ ይታደሳል። በ«ዴትሞዲፋይድ» ፋንታ «ዴትክሪኤትድ» ብለሽ ሞክሪ። እሱ ፋይሉ መጀመሪያ የተፈጠረበት ቀን ነው።

የከዚራዋ ጸሐፊ፦
ወይኔ ጉዴ! «ውል አዲስ 2» ሆኖ አረፈው። ስከፍተው ደግሞ ተከራዩም አከራዩም ሌላ ሰው። ባለፈው ወር ራሴ እላዩ ላይ ጽፌበታለሁ። በቁሜ ነው የደረቅኩት።

በኋላ ትዝ አለኝ፤ ያኔ ተፈራርመው ሲጨርሱ ስካን አድርጌላቸዋለሁ። ቀኑን ሳልነካ የወርዱን ቅጥያ፣ ከነጥቡ በኋላ ያለችውን፣ በፒዲኤፍ ተካሁት። አራት ፋይል ብቻ። ሦስተኛው ከነፊርማው፣ ከነምስክሮቹ፣ ጥግ ላይ ካለችው የሻይ ጠብታ ጋር! ስሙ ስካነሩ የሰጠው የቁጥር ጋጋታ ነው። በስም ብፈልገው ዕድሜ ልኬን አላገኘውም ነበር።

አባባ አሁን ወስደውት ሄዱ። «ትናንት የለም ያልሽኝ ይኼን ነው?» ብለው ሳቁብኝ። ሁለት ኮፒ አስጨመሩኝ፤ መረቁኝም።

ፋይሉን «የአባባ ውል ትክክለኛው» ብዬ አስቀምጬዋለሁ። አትሳቁ።